ለትልቅ የመዝናኛ ጀልባ ሞተርና ፕሮፔለር እንዴት ይመረጣል?

አርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሲጮህ ሳላነሳው ጥያቄውን አውቀዋለሁ። «ጀልባ አግኝተናል። ለላንጋኖ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይበቃናል ወይ?» የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ሥራዬ የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው፤ የጀልባ ሞተር ሳላስበው መጣብኝና በዚያው ቀረ። ለጥያቄው የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ጀልባው ከነሰዉ ስንት ይመዝናል? ፕሮፔለሩ ላይስ ምን ቁጥር ተጽፏል?» ከዚያ በስልኩ ወዲያ ማዶ ጸጥ ይላል።

ስለዚህ ጽፌ አስቀመጥኩት። ፕሮፔለር የምለው ከሞተሩ እግር ታች ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋውን ባለ ክንፉን ነው። የሚመለከተው ከ6 እስከ 9 ሜትር የሚረዝም፣ ከኋላው ላይ የሚንጠለጠል ሞተር ያለው የመዝናኛ ጀልባ ነው። ለትንሽ የአሣ ማጥመጃ ጀልባ ይህን ሁሉ ድካም አያስፈልጋችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ ደብተርና እስክሪብቶ
- የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ፤ ከሌለ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው የሞዴልና የመለያ ቁጥር
- የሞተር ዙር ቆጣሪ። ዳሽቦርዱ ላይ ከሌለ የካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠመው ትንሹ ይበቃል
- በጂፒኤስ ፍጥነት የሚያሳይ ስልክ
- ለፕሮፔለሩ ዳዶ የሚሆን ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ፒን)
- ውሃ የማያጥበው ግራሶ
- ክንድ የሚያህል ጠንካራ እንጨት
- ለሁሉም ሰው የሚበቃ ላይፍ ጃኬት

ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሚንቀው ዙር ቆጣሪውን ነው። እሱ ከሌለ ግን ከደረጃ 7 ጀምሮ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ግምት ደግሞ ሞተር ይበላል።

ደረጃ 1፦ ክብደቱን እወቁ

ጀልባው ባዶውን ስንት እንደሆነ ሻጩ የሚነግራችሁን አትመኑ። ጀልባው ተጎታች ላይ ካለ ወደ የመኪና ሚዛን ውሰዱት። ከዚያ ባዶውን ተጎታች መዝኑና ቀንሱ። በዚያ ላይ ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ ባትሪውን፣ መልህቁን፣ የመጠጥ ሳጥኑንና ሰዉን ደምሩ። ቤንዚን በሊትር 750 ግራም ገደማ ነው፤ ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ብላችሁ ያዙ።

ለምሳሌ አንድ 6 ሜትር ተኩል ጀልባ እንውሰድ፦

- ባዶ ጀልባ 900 ኪሎ
- ሞተር 200 ኪሎ
- 100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ
- ባትሪ፣ መልህቅና ዕቃ 75 ኪሎ
- 8 ሰው 560 ኪሎ

ድምሩ 1,810 ኪሎ ነው። ሰዉ ብቻውን ከባዶው ጀልባ ግማሹን እንደሚበልጥ ልብ በሉ። ሁለት ሆናችሁ የሞከራችሁት ጀልባ ቅዳሜ ቤተሰቡ ሲሳፈር ሌላ ጀልባ ይሆናል የምለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ጀልባው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ

በፋብሪካ የተሠራ ጀልባ የሚሸከመውን የሰው ብዛትና ከፍተኛውን የሞተር ጉልበት የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ አለው። አብዛኛውን ጊዜ መሪው አጠገብ ወይም ከኋላ ግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። የአውሮፓ ጀልባ ከሆነ ጉልበቱን በኪሎዋት ይጽፋል፤ ለ0.735 ብታካፍሉት የፈረስ ጉልበት ይሰጣችኋል። 110 ኪሎዋት ማለት 150 ፈረስ ገደማ ነው።

ከዚያ ቁጥር አትለፉ። የኋላ ግድግዳው የተሠራው ለዚያ ክብደትና ለዚያ ግፊት ነው። ሲበዛበት መጀመሪያ በማዕዘኑ በኩል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይታያል። ቀጥሎ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ይጠጣል።

በድሮ ባለ 2 ስትሮክ ሞተር ዘመን ለተሠሩ ጀልባዎች ሌላም ነገር አለ። ባለ 4 ስትሮኩ በተመሳሳይ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ፈረሱ ቢገጥምም ኪሎው ላይገጥም ይችላል። ሞተሩ ከተሰቀለ በኋላ ከኋላ ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ከውሃው በላይ መቅረታቸውን አረጋግጡ። ከሰመጡ ጀልባው ቆሞ ሳለ ቀስ በቀስ ውሃ ይሞላል።

ደረጃ 3፦ ጉልበቱን አስሉ፤ ከዚያ የከፍታውን ኪሳራ ጨምሩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ዘልዬው ተቀጥቻለሁ።

በባሕር ጠለል ላይ ውሃውን ለቆ ብድግ ብሎ የሚንሸራተት ጀልባ ለእያንዳንዱ ከ11 እስከ 18 ኪሎ አንድ የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። መካከሉን 15 ብንወስድ የምሳሌያችን ጀልባ፦ 1,810 ለ15 ሲካፈል 121 ፈረስ።

አሁን ከፍታው። ሞተር የሚያቃጥለው አየርና ቤንዚን ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ወደ ሐይቆቻችን ስናመጣው እንዲህ ይሆናል፦

- ላንጋኖ፣ 1,585 ሜትር አካባቢ፦ 16 በመቶ
- ዝዋይ፣ 1,636 ሜትር አካባቢ፦ 16 በመቶ
- ሐዋሳ፣ 1,690 ሜትር አካባቢ፦ 17 በመቶ
- ጣና፣ 1,788 ሜትር አካባቢ፦ 18 በመቶ
- የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ 1,870 ሜትር አካባቢ፦ 19 በመቶ

አባያና ጫሞ ከእነዚህ ዝቅ ስለሚሉ ኪሳራው ይቀንሳል። ወንጪ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ሩቡ ጉልበት ይሄዳል በሉ። በምሳ ሰዓት ሲሞቅም ኪሳራው ትንሽ ይጨምራል።

ላንጋኖ ላይ ሞተሩ 84 በመቶውን ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ 121 ለ0.84 ሲካፈል 144 ፈረስ። የሚገዛው ሞተር 150 ነው፤ ሰሌዳው ከፈቀደ። 115 ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ መፍትሔው ሰው መቀነስ ነው።

«የኔ ኢንጄክሽን ነው፤ ከፍታውን ራሱ ያስተካክላል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የቤንዚኑን መጠን ያስተካክላል። የሌለውን አየር ግን አያመጣም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ግን ለከፍታው የሚሆን አነስ ያለ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ) ሊፈልግ ይችላል፤ ካልተቀየረለት ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥቁር ይለብሳል።

ነዳጁንም አስቀድማችሁ አስቡ። 150 ፈረስ በሙሉ ነዳጅ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው እስከ ጥግ ተገፍቶ፣ ሲሄድ በሰዓት 50 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። ነዳጁን ከሩቅ በጀሪካን የምታመላልሱ ከሆነ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም።

ጀልባችሁ ሰፊና ከባድ፣ ውሃውን እየገፋ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ይህን ስሌት እርሱት። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልሱት ዓይነት ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ የሚፈጥነው እንደ ርዝመቱ ነው፦ የውሃ ላይ ርዝመቱን በሜትር ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 አባዙ። 9 ሜትር ጀልባ በሰዓት 13 ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ፈረስ ብትጨምሩለት ማዕበል መሥራት ነው ትርፉ። ለእሱ የሚሆነው ሰፊ ፕሮፔለር የሚያዞር፣ ለግፊት የተሠራ አነስ ያለ ሞተር ነው።

ደረጃ 4፦ የሻፍቱን ርዝመት ለኩ

ከኋላ ግድግዳው አናት፣ ሞተሩ ከሚቀመጥበት መሃል፣ እስከ ጀልባው ሆድ ታችኛ ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ። የሞተር ሻፍት፣ ወደ ውሃው የሚወርደው የሞተሩ እግር ማለት ነው፣ በአብዛኛው 15፣ 20፣ 25 ወይም 30 ኢንች ነው፤ በሴንቲ ሜትር 38፣ 51፣ 64፣ 76 አካባቢ። በዚህ መጠን ያለ ጀልባ ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 25 ይፈልጋል።

ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት መካኒኮች ካቪቴሽን ፕሌት ይሉታል። እሱ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሞተሩ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይሄድም። ማቀዝቀዣ ውሃም ሊያጥረው ይችላል። ዝቅ ካለ ደግሞ እግሩን ውሃ ውስጥ ይጎትታል፣ ውሃ ወደ ኋላ ይረጫል። ሞተሩን የሚይዙት ቀዳዳዎች በአብዛኛው በ19 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ አንድ ቀዳዳ ማንሳት ወይም ማውረድ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። 20 ኢንች ግድግዳ ላይ 25 ኢንች ሞተር በርካሽ አግኝቶ የመጣ ደንበኛ አለኝ። ማስተካከያው የሞተሩን ቅናሽ በልቶበታል።

ደረጃ 5፦ ፕሮፔለሩን ምረጡ

ፕሮፔለር የጀልባ ማርሽ ነው፤ መኪና ካምቢዮ እንዳለው ጀልባ ይህ አለው፤ ያለው ግን አንድ ማርሽ ብቻ ነው። ያ አንድ ማርሽ ከተሳሳተ ወደ እንጦጦ በአራተኛ ማርሽ እንደሚወጣ አይሱዙ ይሆናል። ይንቀጠቀጣል፣ ይሞቃል፣ አይወጣም።

ፕሮፔለሩ ላይ ለምሳሌ 14 × 19 የሚል ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱ በኢንች ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ በጠንካራ ነገር ውስጥ እንደ ብሎን ቢዞር በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ ይነግራችኋል። ፒቹ ከፍ ሲል ከባድ ማርሽ፣ ዝቅ ሲል ቀላል ማርሽ ነው። ፒቹን በ1 ኢንች ስትቀንሱ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ላይ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

አሁን ወደ ከፍታው እንመለስ። ለባሕር ዳርቻ አገር ተመርጦ የመጣ ፕሮፔለር ለሐይቆቻችን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከባድ ነው። ስለዚህ ለመሞከር ከ2 እስከ 4 ኢንች ያነሰ ፒች አብራችሁ እዘዙ። አንድ ብቻ አታስመጡ። ጭነቱ ሲደርስና ሳይገጥም ሲቀር ሌላ ወር መጠበቅ ነው።

ሦስት ወይስ አራት ክንፍ? ባለ 3ቱ ይፈጥናል፣ ይረክሳል። ባለ 4ቱ ከባድ ጭነት ቶሎ ያነሳል፣ መታጠፊያ ላይ ውሃውን አይለቅም፣ ከከፍተኛው ፍጥነት ግን ትንሽ ይቀንሳል። ሰው የሚበዛበት ጀልባ ከሆነ እኔ ባለ 4ቱን እመርጣለሁ። ከ3 ወደ 4 ስትሄዱ ፒቹን 1 ኢንች ዝቅ አድርጉ፤ አንድ ክንፍ ሲጨመር ሞተሩ ላይ ጫና ይጨምራል።

አልሙኒየም ወይስ ስቴንለስ? ልክ የሆነውን ፒች እስክታገኙ በአልሙኒየም ሞክሩ። ርካሽ ነው፤ ድንጋይ ሲመታም ይታጠፋል እንጂ ማርሹን አይሰብርም። ስቴንለስ አይታጠፍም፣ ያፈጥናል፣ ግን ምቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። የላንጋኖ ውሃ ድፍርስ ነው፤ ከታች ያለው ድንጋይ አይታይም። ስለዚህ ስቴንለስ ብትገጥሙም አልሙኒየሟን ከነዳዶዋና ከነኮፒሊያዋ ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ።

ስትገዙ ስፋትና ፒች ብቻ አትናገሩ። ፕሮፔለሩ የሚሰካበትን ሻፍት የጥርስ ብዛት፣ የሞተሩን ሞዴልና የሚዞርበትን አቅጣጫ ንገሩ። ሁለት ሞተር ጎን ለጎን የምትሰቅሉ ከሆነ አንደኛው በተቃራኒው የሚዞር ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ደረጃ 6፦ ግጠሙ

1. ሞተሩን ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጉ። ቁልፉን አውጡ፣ የደህንነት ማጥፊያ ገመዱን ንቀሉ፣ የባትሪውን ገመድ ፍቱ። ፕሮፔለር በእጅ ሲዞር ሞተር ሊነሳ ይችላል፤ ጣት አይመለስም።
2. እንጨቱን በክንፉና በካቪቴሽን ፕሌቱ መካከል አስገቡ። ክንፍን በእጅ ይዞ ዳዶ መፍታት መቆረጥ ያመጣል።
3. ኮፒሊያውን አውጡ፣ ዳዶውን ፍቱ። ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደነበሩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አንዱ ከተረሳ ፕሮፔለሩ የማርሹን ቤት ይፍቃል።
4. ሻፍቱ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር ፈልጉ። በዓሣ አስጋሪ ሐይቅ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ክሩ ፓራኦሊዮውን፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚከለክለውን የላስቲክ ቀለበት፣ ይበላል፣ ውሃ ወደ ማርሽ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ገብቷል ማለት ነው።
5. የሻፍቱን ጥርስ ግራሶ ቀቡ። ካልተቀባ ከዓመት በኋላ ፕሮፔለሩ በመዶሻ ነው የሚወጣው።
6. መመሪያው ባለው ጥብቀት እሰሩ። ኮፒሊያ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ ታጥፎ የተቃና ኮፒሊያ ይሰበራል።

ደረጃ 7፦ ሐይቁ ላይ ፈትኑ

እዚህ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ በርሜል ሞልቶ መፈተን ሞተሩ መነሳቱንና ውሃ መሳቡን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለ ፕሮፔለሩ ምንም አይናገርም። ከተማው ራሱ 2,300 ሜትርን ስለሚያልፍ ጉልበቱም የሐይቁ አይደለም። በርሜል ውስጥ ማርሽ አታስገቡ፣ ዙሩንም አትጨምሩ።

ሞተሩ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ መመሪያው ያዘዘውን የማላመጃ ጊዜ ጨርሱ። ብዙውን ጊዜ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ፦

1. በጠዋት ውጡ፤ ሐይቁ የሚረጋው ያን ጊዜ ነው።
2. የቅዳሜውን ሙሉ ጭነት አሳፍሩ። ሰው ካልተገኘ በጀሪካን ውሃ ሙሉ፤ 20 ሊትር 20 ኪሎ ነው።
3. ጀልባው ተነስቶ ሲንሸራተት የሞተሩን ዘንበል በማስተካከያው ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ አውጡ። ፍጥነቱ መጨመር ሲያቆም ተዉት።
4. ሙሉ ነዳጅ ስጡ። ዙሩ ሲረጋ ቁጥሩን ጻፉ፤ ፍጥነቱንም ከስልኩ።
5. በመጣችሁበት ተመለሱና ድገሙ። አማካዩን ውሰዱ፤ ነፋስ ያታልላል።

መመሪያው ሙሉ ነዳጅ ላይ ሊደርስበት የሚገባውን ዙር ይሰጣል። ለብዙ ባለ 4 ስትሮክ ሞተሮች በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። እናንተ ከመካከሉ በላይ፣ 5,500 አካባቢ ወይም ከዚያ ከፍ እንዲል ፈልጉ። ከታች ከቀረ ፒች ቀንሱ፤ ጣሪያውን ካለፈ ጨምሩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ የተቀጣሁትም በዚህ ነው። ከላይ በምሳሌ ያነሳሁትን የሚመስል ጀልባ ላይ፣ ከውጭ አብሮት የመጣውን 19 ፒች ሳልጠይቅ ገጠምኩ። ሁለት ሆነን ስንፈትነው 5,250 ዙር ደረሰ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ 8 ሰው ሲሳፈር 4,650 ላይ ቆመ፤ አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ውሃ ሲገፋ ዋለ። ወደ 15 ስናወርደው 5,450 መጣ። 4 ኢንች በ200 ሲባዛ 800፤ ስሌቱ እንዲህ ተመቻችቶ የሚመጣው ግን አልፎ አልፎ ነው። ፒቹ ሲያንስ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ስለሚጨምር ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ደረጃ 8፦ የፕሮፔለሩን መንሸራተት አስሉ

ዙሩ ልክ ሆኖ ጀልባው ካልፈጠነ ይህን አስሉ። ዙሩን ለማርሹ ሬሾ (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንቴ እንደሚዞር) አካፍሉ፣ በፒቹ አባዙ፣ ከዚያ በ0.001524 አባዙ። ፕሮፔለሩ ምንም ሳይንሸራተት ቢሄድ የሚደርስበት ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ይወጣል።

በኛው ጀልባ፣ ሬሾው 2 ሆኖ፦ 5,450 ለ2 ሲካፈል 2,725። በ15 ሲባዛ 40,875። በ0.001524 ሲባዛ 62 ኪሎ ሜትር። ስልኩ 52 አሳየ። የጎደለው 10 ነው፤ 16 በመቶ።

ውሃውን ለቆ ብድግ ለሚል ጀልባ ከ10 እስከ 20 በመቶ የፕሮፔለር መንሸራተት ጤናማ ነው። ለከባድና ለሰፊ ጀልባ እስከ 30 ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ፒች ከመቀየራችሁ በፊት የሞተሩን ከፍታ፣ የክንፉን ጫፍና የጀልባውን ሆድ ተመልከቱ። ሆዱ ላይ የተለጠፈ አልጌ ብቻውን ስንቱን አሳስቶ ፕሮፔለር አስገዝቷል። ዙሩ ድንገት ሽቅብ ወጥቶ ጀልባው የማይከተል ከሆነ ደግሞ የፕሮፔለሩ መሃል ላስቲክ ተላቆ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

ሞተሩን ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃም አታስነሱ። የውሃ ፓምፑ የላስቲክ ክንፍ ደርቆ ለመቃጠል ሰኮንዶች ይበቁታል። የላንጋኖና የዝዋይ ውሃ ደለል ስላለው ይህን ላስቲክ ቶሎ ይሞርደዋል፤ በየዓመቱ ቀይሩት።

ጣና ላይ እምቦጭ ሲጠመጠም ወይም የውሃ መሳቢያውን ሲደፍን፣ ከሞተሩ ጎን የምትተፋው ቀጭን ውሃ ትቆማለች። ያን ጊዜ ወዲያው አጥፉ፤ አንሱና አጽዱ።

ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ሞተር አታስነሱ። ዜሮ ማርሽ ላይ ነው ብላችሁም ቢሆን። የደህንነት ማጥፊያ ገመዱን ነጂው ሁልጊዜ ይልበስ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- የጓደኛን ጀልባ አይቶ ያንኑ ሞተር መግዛት። የሱ ክብደት የእናንተ አይደለም።
- ሞተሩ ደከመ ብሎ ካርቡራተር ማስፈታት፤ ችግሩ ግን ፒቹ ነው። መጀመሪያ ዙሩን ቁጠሩ።
- የተጎዳ ፕሮፔለርን በአርጎን አስበይዶ በዓይን ማቃናት። ሦስቱ ክንፎች እኩል ፒች ከሌላቸው ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውንና ፓራኦሊዮውን ይጨርሳል። የተበየደውን መጠባበቂያ አድርጉት፣ ቀስ ብላችሁም ወደ ዳር ተመለሱበት።
- ለጨው ውሃ የተሠራውን የዚንክ ቁራጭ እንዳለ መተው። ለጨዋማ ያልሆነ ውሃ የሚሻለው የማግኒዥየሙ ነው፤ ዚንኩ እዚህ እንደሚገባ አይሠራም፣ ዝገቱ ወደ ሞተሩ እግር ይዞራል።
- የፈተናውን ቁጥር አለመጻፍ። ዙሩ፣ ፍጥነቱ፣ የሰው ብዛት፣ ፒቹና ሐይቁ ደብተር ላይ ይስፈሩ። ስትደውሉልኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው።